የነርስነት ዲግሪ ለዎርድ ያበቃል ወይ?

ጥያቄውን ያነሳው፦ እስቲ ሳንሸፋፍን እናውራ። ነርስነትን በዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ፣ ትምህርቱ ለሥራው አብቅቶናል ትላላችሁ? እኔ አልልም። የነርሲንግ ቲዎሪስቶችን ስም ከነሞዴላቸው በቃሌ እወጣዋለሁ። ሥራ ስጀምር ግን አንዱ ሕመምተኛ ሕመሙ ጠንቶበታል፣ የሌላው አይቪ (በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ) ቆሟል፣ ከኦፕራሲዮን የወጣችው ደግሞ ገና አልታየችም። ከየትኛው እንደምጀምር ያለማመደኝ ሰው አልነበረም። አቋሜ አጭር ነው። ቲዎሪው ይቀነስ፤ የዎርድ (ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል) ሰዓቱ ይጨመር።

የሌሊት ተረኛ፦ ከአፌ ነጠቅከኝ! እኛ ሴሚስተሩን ሙሉ ኬር ፕላን (የሕመምተኛ እንክብካቤ ዕቅድ) ስንጽፍ ነው የከረምነው። ፕላኑ አሥር ገጽ ሆኖ ሲያልቅ ሕመምተኛው ድኖ ቤቱ ገብቷል።

መምህርቷ፦ ልጆች፣ አትቀየሙኝ፤ በዚህ አልስማማም። ቲዎሪ የምትሉት አብዛኛው እኮ ፊዚዮሎጂና ፋርማኮሎጂ ነው። በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የተመራማሪዋን የሊንዳ አይከንን ጥናት ተመልከቱ። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ነው ያየው። የዲግሪ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ሕመምተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እኔ እንደሚገባኝ የደም ግፊቱ ገና ሳይወርድ የልብ ምቱ መጨመሩን አይታ "ውስጥ ለውስጥ እየደማ ይሆን?" ብላ የምትጠይቅ ነርስ ናት ልዩነቱን የምታመጣው። ይህን የምትጠይቀው ደግሞ ስለተማረችው ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፦ መምህር፣ በአክብሮት ልጨምር። ያው ጥናት ለአንድ ነርስ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚልም ይናገራል። ደግሞም ያሳየው ዝምድና ነው። ዲግሪው ራሱ ሰው አዳነ ማለት አይደለም።

አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል)፦ ሁለታችሁም የሰዓት ነገር ላይ ተጣብቃችሁ ቀራችሁ። ሰዓት ብቻውን ቢያበቃ ኖሮ አውሮፓ ላይ ይህ ክርክር ባልኖረ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት አንድ ነርስ ቢያንስ 4,600 ሰዓት ይማራል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ክሊኒካል ነው። ከዚያም የሚወጡ ተመራቂዎች "አልተዘጋጀንም" ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ ማርሊን ክሬመር ይህን የአዲስ ነርሶች ድንጋጤ ያጠናችው ገና በ1974 ነበር።

ጥያቄው በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን ተሠራ ነው። ትንፋሽ መቁጠርን ውሰዱ። ሰዓት ይዞ ደረቱን እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው፤ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሕመምተኛው መዳከም ሲጀምር ቀድመው ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ ትንፋሹ ነው። ተማሪዎች የሞሉትን የቫይታል ሳይን (የትንፋሽ፣ የሙቀት፣ የግፊት ልኬት) ቻርት ግን ገልጣችሁ እዩ። 20፣ 20፣ 20፣ 20። የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ ነገ የሚወጣውም 20። የሙቀቱና የግፊቱ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል፤ መሣሪያ ስለሚለካው። ትንፋሹን ግን የቆጠረው የለም። ከዚያ ሎግ ቡኩ (ተማሪው የሠራው የሚፈረምበት መዝገብ) ይመጣል፤ "ቫይታል ሳይን፣ ችሏል" ተብሎ ይፈረማል። እንዲህ ያለውን ሰዓት እጥፍ ብታደርጉት 20 የተጻፈበት ቻርት ይበዛል እንጂ ነርስ አይወጣም።

የሌሊት ተረኛ፦ ኧረ ሎግ ቡኩን አታንሺብኝ! የአታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) መጨረሻ ቀን ላይ ተሰልፈን ነው ያስፈረምነው። ፈራሚዋ ቀና ብላም አላየችንም።

መምህርቷ፦ ፈራሚዋ ላይ ብቻ አትፍረዱ። የራሷ ሕመምተኞች አሉባት፣ መድኃኒት ታዞራለች፣ ርክክብ ታደርጋለች። በዚያ ላይ ስምንት ተማሪ ይመደብላታል። ለማስተማር የተቆረጠላት ሰዓትም ክፍያም የለም። ለነገሩ እኛ መምህራንም ጋውን ከለበስን የቆየን አለን።

ሲሙሌሽን ላብ፦ ታዲያ ለምን የዎርዱን ሰዓት በሲሙሌሽን፣ ማለትም ላብ ውስጥ ሕመምተኛን አስመስሎ በሚደረግ ልምምድ አንተካውም? የአሜሪካ ክልሎች የነርስ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2014 ያወጣው ትልቅ ጥናት አለ። የክሊኒካል ሰዓታቸው እስከ ግማሹ በሲሙሌሽን የተተካላቸው ተማሪዎች በፈቃድ ፈተናም ሆነ በሥራ ላይ ብቃት ከሌሎቹ አላነሱም። ላብ ውስጥ አንዱን ሕመምተኛ አሥሬ "እንዲዳከም" ማድረግ ይቻላል። ዎርድ ላይ የምትማሩት ዕድል ያመጣላችሁን ብቻ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ ማኔኪን (የልምምድ አሻንጉሊቱ) አይሰዳደብም፣ ቤተሰቡም በር ላይ ቆሞ አያፋጥጥህም። አይቪውም ሁሌ አንድ ቦታ ነው።

አይሲዩ፦ እኔ ሲሙሌሽን አልጠላም። ግን በዚያ ጥናት የተጠቀሙት የሠለጠነ አስተማሪ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ተቀምጠው ይወያዩ ነበር። ቆዳው የተቀደደ ማኔኪን ዙሪያ ሠላሳ ተማሪ አቁሞ አንዱን ማስነካት ሲሙሌሽን አይባልም። ለማንኛውም ዞሮ ዞሮ ያው ነው፤ ላብም ይሁን ዎርድ፣ የሚያይህ ሰው ከሌለ አልተማርክም።

ጥያቄውን ያነሳው፦ እሺ፣ ይሄኛው ገብቶኛል። ግን መፍትሔው ምንድን ነው? "ክትትል ይጠናከር" ማለት ለሪፖርት ነው የሚሆነው።

አይሲዩ፦ እንግሊዝን እይ። ከ2018 ወዲህ ባለው ደንባቸው የሚያለማምድህና የሚመዝንህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አብራህ የምትውለዋ ነርስ ታለማምድሃለች፤ "ችሏል" ብላ የምትወስነው ሌላ ናት። ሁለተኛ፣ ፊርማው በሰዓት ሳይሆን በታየ ሥራ ይሁን። አንዲት ነርስ ከጎኔ ቆማ፣ እኔ ትንፋሽ ቆጥሬ፣ እሷም ቆጥራ፣ ቁጥራችን ከገጠመ ትፈርማለች። ካልገጠመ አትፈርምም።

መምህርቷ፦ በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን የዚያችን ነርስ ደመወዝ ማን ይክፈል? ሆስፒታሉን ስትጠይቂው "ተማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲው ናቸው" ይላል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ "ነርሶቹ የሆስፒታሉ ናቸው" ይላል። በዚህ መሐል ስንት ባች ተመረቀ።

ጥያቄውን ያነሳው፦ እንግዲያው የተማሪ ቁጥር ይቀነስ። የሚያለማምድ ሰው ባለበት ልክ ብቻ ይቀበሉ።

የሌሊት ተረኛ፦ እሱን ደግሞ ባለፈው ተረኛነት ብቻዬን ለያዝኩት ዎርድ ንገርልኝ። የነርስ እጥረት እያለ ቅበላ ይቀነስ?

አይሲዩ፦ ይቀነስ ባይ ነኝ። ትንፋሽ ያልቆጠረ ሲጨመርልሽ የሱንም ሕመምተኛ የምትቆጥሪው አንቺው ነሽ።