ከሁለቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትኛውን ልምረጥ?

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ትገባለች። የግል ትምህርት ቤት አቅማችን አይፈቅድም። ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስቤያለሁ፤ አንዱ እዚሁ ሰፈራችን፣ ሌላው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በባጃጅ የሚኬድ።

የሰፈራችንን ሄጄ አየሁት። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ቆጠርኩ። ቤተ ሙከራው ተቆልፏል። ልጄ ደግሞ ነፍሷ ፊዚክስ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። የማዶው በ12ኛ ክፍል ፈተና 14 ተማሪ አሳልፏል አሉኝ፤ ከስንት ተፈታኝ ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። በ2016 በአገር ደረጃ ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ ስለነበር፣ የተፈታኙን ብዛት ሳላውቅ 14 ብዙ ይሁን ትንሽ መለየት አልቻልኩም።

ልጆቻችሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማራችሁ፣ ትምህርቱ በትክክል እንደሚሰጥ ከመመዝገባችሁ በፊት በምን አወቃችሁ?