ኤዋ ቢች እንግባ ወይስ ሆኖሉሉ እንቆይ? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖቼ። ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት የምትኖሩ ወይም የኖራችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ባለቤቴና እኔ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሆኖሉሉ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። በጣም ጠቦናል። አሁን ከሆኖሉሉ ወጣ ብሎ ባለው ኤዋ ቢች፣ ትንሽ ብቻ ጨምረን፣ ግቢ ያለው ባለ ሁለት መኝታ አገኘን። ልጆቹ ግቢውን ሲያዩ አንወጣም አሉ። እኔም አንጀቴ ተላወሰ።

ችግሩ መንገዱ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ሆኖሉሉ ውስጥ፣ ዋይኪኪ ሰፈር ባለ ሆቴል ነው። ከኤዋ ቢች ወደ ከተማ የሚያስገባው ዋናው አውራ ጎዳና ኤች-1 ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭንቅንቅ ይላል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ተነስተን ሞከርነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። ማታ ስንመለስ ደግሞ ባሰ። በዚህ ዓይነት ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳቸዋል? ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ወጥተን፣ ሲተኙ ልንገባ ነው?

በ2023 ሥራ የጀመረው ስካይላይን ባቡር ከኤዋ ቢች አቅራቢያ ካለው ምሥራቅ ካፖሌይ ይነሳል። ግን ዋይኪኪ አይደርስም፤ አውቶቡስ መቀየር ግድ ነው። በዚህ የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ከቤት እስከ ሥራ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል? እዚሁ ደሴት መሃል ያለው ሚሊላኒስ ይሻል ይሆን? አከራዩ እስከ ዓርብ መልስ ስጡኝ ብሎናል።