«ሰላም ካልተሰማችሁ አትሂዱ» ስለተባለው (ክርክር)

ባለባጃጁ፦ ትናንት ማታ ፕሮግራም ላይ ሰባኪው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በመንፈስ የሚመራ ሰው ሰላም ካልተሰማው እግሩን አያነሳም።» እኔ ባህር ዳር ውስጥ ከፔዳ እስከ ጊዮርጊስ ሰው አመላልሳለሁ። የነዳጅ ሰልፍ ሳይ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም። ልቅር በቃ?

ሐና፦ አታሹፍ ወንድሜ። ቆላስይስ 3፥15 «የክርስቶስ ሰላም በልባችሁ ይግዛ» ይላል። ጳውሎስንም ወደ ቢታንያ እንዳይሄድ መንፈስ ከልክሎታል፣ የሐዋርያት ሥራ (ሐዋ.) 16። እኔ ቤት ስከራይም ጸልዬ ሰላሜን ነው የማየው።

ጣናዬ፦ ከቁጥር 12 ጀምረሽ አንብቢዋ። ታገሡ፣ ይቅር ተባባሉ እያለ ነው የመጣው። ኪራይ የት አለ? ጌታ በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም እስኪወርድ ተጨንቋል። ሰላም አልተሰማኝም ብሎ ቀረ?

ሐና፦ ጌታን ከእኔ ኪራይ ጋር ታወዳድራለህ?

ጣናዬ፦ ጳውሎስን ከኪራይሽ ጋር ያወዳደርሽው አንቺ!

የቅዳሜ ገበያዋ፦ ሰላም ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ዕቁባችን ነው። አንዱ ወንድም ዕጣ ደረሰው፣ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ «መንፈስ ቅዱስ ውጣ አለኝ፣ ሰላም የለኝም» ብሎ መጣል አቆመ። ዕጣው ሳይወጣ በፊት ሰላም ነበረው ማለት ነው?

ሐና፦ እሱ ሌባ ነው። የሌባ ጥፋት መንፈስ ቅዱስ ላይ አይለጠፍም።

የቅዳሜ ገበያዋ፦ የለጠፈው እሱ ነዋ! የዕቁቡ ዳኛ ምን ብሎ ይክሰሰው?

ዘጌ ማዶ፦ እኛ ኦርቶዶክሶች ጋ ይሄ ጣጣ የለም። 1ኛ ዮሐ. 4፥1 መናፍስትን መርምሩ ይላል። ለዚህ ነው የንስሐ አባት ያለው። መነኩሴ እንኳ ያለ አበምኔቱ ፈቃድ ከገዳም አይወጣም።

ጣናዬ፦ የንስሐ አባት አይሳሳትም?

ዘጌ ማዶ፦ ይሳሳታል። ቢያንስ ግን ስሜትህን የሚጠይቅህ ሰው አለ። እናንተ ራሳችሁ ከሳሽ፣ ራሳችሁ ዳኛ።

ሐና፦ እንዲህ ከሆነ ሮሜ 8፥14ን ቅደዱት። በእግዚአብሔር መንፈስ የሚመሩ ልጆቹ ናቸው ይላል።

ጣናዬ፦ ቁጥር 13ን ምን አደረግሽው? ወሬው የሥጋን ሥራ ስለመግደል ነው፣ ሰፈር ስለመምረጥ አይደለም። ደግሞ ሐዋ. 21፥4 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በመንፈስ ሆነው ጳውሎስን ኢየሩሳሌም አትውጣ አሉት። እሱ ግን ቀድሞ 20፥22 ላይ በመንፈስ ታስሬ እሄዳለሁ ብሏል። ሄደም። በአንቺ ሰላም ማንኛቸው ልክ ነበሩ?

ሐና፦ አንተ ቁጥር ስትደረድር መንፈሱ አመለጠህ። ይልቅ የስብከቱን ቪዲዮ ሙሉውን ልቀቁት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰው አይሰቀልም።

ባለባጃጁ፦ እኔ ሙሉውን ነው የሰማሁት፣ ያውም ወንበር አጥቼ ቆሜ።

ሐና፦ ቆመህም አልገባህም።