ኦቨርታይም አልገባም ማለት ስንፍና ነው?

የስፌቷ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን አካባቢ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ውሃ እቀዳለሁ፣ ምሳ እቋጥራለሁ፣ ልጄን አዘጋጃለሁ። 2 ሰዓት ማሽን ላይ ነኝ። መደበኛው ሥራ 11 ሰዓት ያልቃል። ከዚያ እስከ ማታ 2 ሰዓት ኦቨርታይም ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ጎኔን ሳሳርፍ 5 ሰዓት ይሆናል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ዓይኔ ሳላስበው ተከደነ። መርፌው ጠቋሚ ጣቴን ከጥፍሩ ጎን ወጋኝ። ጣቴን ከማየቴ በፊት ሸሚዙን ደም እንዳይነካው ገፋሁት። በማግስቱ “ዛሬ አልችልም” ስላት ኃላፊዬ “ሰነፍ” አለችኝ። ጓደኞቼም ሁለት ቦታ ተከፈሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለባጃጁ፦
አይዞሽ እህቴ። ግን እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ከንጋቱ 11 እስከ ማታ 3 ሰዓት እነዳለሁ። ባጃጇ የኔ አይደለችም። ብሠራም ባልሠራም ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ አስገባለሁ። አከራዬም “ደክሞሃል” ብሎ አይቀንስልኝም። ጉልበት እያለ መሥራት ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ ያደግሁት ገበሬ ቤት ነው። አባቴ ፀሐይ ሲበረታ ጥማዱን ይፈታ ነበር። መሬቱ አላለቀም፣ ዝናቡም አይጠብቅም። በሬው ምላሱን አውጥቶ ካለከለከ ግን አንድ ትልም አይጨምርበትም። “ነገም ይታረሳል” ይል ነበር። በሬ አይናገርም፤ አባቴ ጎኑን አይቶ ያውቅለታል። አንቺ በአፍሽ ተናግረሽ ነው “ሰነፍ” የተባልሽው። በጣም አዘንኩ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦
ሌላ ድርጅት ነው የምሠራው። ሕጉን ላስታውሳችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የእሷን ደምሩት፦ 3 ሰዓት በ5 ቀን፣ 15። ሠራተኛ ኦቨርታይም እንዲገባ አይገደድም ይላል። የሚፈቀደውም አደጋ ሲደርስ ወይም አስቸኳይ ሥራ ሲገጥም፣ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ገደቡ በቀን 2፣ በወር 20 ሰዓት ነበር። ለአሠሪዎቹ ከፍ ተደርጎላቸውም አልበቃቸውም!

የአሠሪ ጭንቀትም ይገባኛል። የኤክስፖርት ትዕዛዝ ቀኑ ካለፈ ኪሳራ ነው። ግን በየቀኑ የሚመጣ ነገር አስቸኳይ አይባልም። ሥራው ከበዛ ሁለተኛ ፈረቃ ይከፈት፣ ሰው ይቀጠር።

የኮዬ ፈጬዋ እናት፦
ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ኦቨርታይም አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፣ መደበኛው ደመወዝ ደግሞ ኪራይ አይሸፍንም። እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ሠርቻለሁ። “አልችልም” የሚሉት ሌላ ገቢ ቤታቸው የሚገባላቸው ነበሩ። ደግሞ ቤት ገብተሽስ የት አለ እረፍቱ? ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሌሊት ከመጣ ሌሊት ነው ጀሪካን የሚሞላው። ወንዶቹ ከፍራሹ ሳይነሱ ስለ እረፍት ሲያወሩ ይገርመኛል።

ነርሷ፦
እህቶቼ፣ ጣቷ ላይ የደረሰው ቀላል አይደለም። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እሷ የምትተኛው 5 ሰዓት ተኩል ነው። ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው መጠጥ ከቀመሰ ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ከ10 ተኩል ጀምራ ብትቆጥር ማታ 3 ተኩል ላይ 17 ሰዓት ይሞላታል። ያን ሰዓት እሳት አጠገብ ናት፣ ልጇም አጠገቧ ነው። ማዛጋት፣ እጅ መዛል፣ አንድን ስፌት ደጋግሞ ማበላሸት፣ እነዚህ ሰውነት “በቃኝ” የሚልባቸው ናቸው። ስንፍና አትበሉት።

ባለባጃጁ፦
ነርሷ፣ ያልሽውን ሰማሁ። እኔም መስቀለኛ መንገድ እንዴት እንዳለፍኩት የማላስታውስበት ማታ አለ። ከኋላዬ ሰው ጭኜ ነበር። ግን የቀኑን ገቢ ማን ያስገባልኝ? እስቲ ይህን መልሱልኝ።

ጡረተኛው፦
እውነትህን ነው ልጄ። ለዚህ መልስ የለኝም። የጫንከውን ሰው ግን አስበው።

የስፌቷ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ሰርቪሱ የሚነሳው ማታ 2 ሰዓት ብቻ ነው። በ11 ሰዓት የወጣ በራሱ ታክሲ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ኦቨርታይም የምንገባው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ይህም ምርጫ ይባላል እንዴ?

ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ልገባ ወስኛለሁ። ገንዘቡ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፣ ከቤት ወጪም የማጥፈው አለ። ሰርቪስ በ11 ሰዓትም ይኑር ብለን ማመልከቻ ጽፈናል፣ 14 ሰው ፈርሟል። ጣቴ አሁንም ጨርቅ ስይዝ ያመኛል። ሰኞ 11 ሰዓት ላይ ማሽኑን አጥፍቼ እወጣለሁ። አብራችሁኝ የምትወጡ በሩ ጋ እንገናኝ፣ እስከ አስፋልቱ አብረን በእግር እንሄዳለን።