ባለ 20 ኢንች ታጣፊ ብስክሌቴን ለዳገት እንዴት ላቅልለው?
ጤና ይስጥልኝ። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ የምመላለስበት ታጣፊ ብስክሌት የፊት ጥርሱ 52፣ የኋላው ትልቁ ጥርስ 28 በመሆኑ፣ በቀላሉ ማርሽ እንኳ አንዱ የፔዳል ዙር 2.8 ሜትር ገደማ ስለሚወስድ፣ ዳገቱ ጉልበቴን ክፉኛ ይጎዳኛል። የኋላውን በ34 ጥርስ ለመተካት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ረዘም ያለ ማርሽ መቀየሪያ ስለሚፈልግ፣ ጎማው ትንሽ በሆነ ብስክሌት ላይ ደግሞ መቀየሪያው ወደ አስፋልቱ እጅግ ስለሚቀርብ፣ በየጉድጓዱ እንዳይመታብኝ እሰጋለሁ። የፊቱን ወደ 44 ማውረድ የተሻለ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ጥርሱ ከፔዳሉ ክንድ ጋር በሪቬት ስለተያያዘ ለብቻው አይፈታም። ክንዱን ጭምር ስቀይር የመሃሉ አክሰል ርዝመትም መለወጥ ይኖርበት እንደሆነ፣ ካቴናውንም ምን ያህል ማሳጠር እንደሚገባኝ በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።