በርካሽ ሰንጢ ላይ የትኛው ጉድለት ይታለፋል?

በቅርቡ በአነስተኛ ዋጋ የገዛሁት ሰንጢ ሲታጠፍ ስለቱ መሀል ላይ ከማረፍ ይልቅ ወደ ቀኝ አዘንብሎ የእጀታውን ውስጠኛ ብረት ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። የመታጠፊያውን ብሎን በካቻቢቴ ሳጠብቀው የጎን መወዛወዙ ይጠፋል፤ ነገር ግን ስለቱ በአንድ እጅ የማይከፈት እስኪሆን ድረስ ይከብዳል፣ ሳላላው ደግሞ መወዛወዙ ይመለሳል። የስለቱ ሁለት ጎኖች እኩል አለመሞረዳቸውንና የእጀታውን ጠርዝ ሻካራነት፣ ከዋጋው አንጻር፣ እንደ ጉድለት አልቆጥራቸውም። ይበልጥ ያሳሰበኝ መቆለፊያው ነው፤ ስለቱን ከኋላ ደግፎ የሚይዘው ስስ ብረት የሚያርፈው በጫፉ ብቻ በመሆኑ፣ የስለቱን ጀርባ በእንጨት መታ ሳደርገው ከቦታው ይንሸራተታል። ስለ ጉዳዩ የምታውቁ ወገኖች፣ ይህ ችግር ሮንዴላ (በመታጠፊያው ብሎን ዙሪያ የሚገባውን ስስ ቀለበት) በመቀየር የሚስተካከል ነው ወይስ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ለሻጩ ልመልሰው?