የፊልም ካፓሲተሩ የትኛው እግር ወደ ኮሌክተር ይግባ?

ሰላም ወገኖች፣ የድምፅ ማጉያዬ ላይ አንድ ሀም (የማጉረምረም ድምፅ) አልቆም ብሎኛል። መጀመሪያ በቢሲ547 ትራንዚስተር የተሠራ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ)፣ 50 ኪሎኦም ቮልዩም፣ ከዚያ ኤልኤም386 የማጉያ አይሲ ነው። በ9 ቮልት ባትሪም ስለሚያጉረመርም ጥፋቱ የፓወር ሰፕላይ አይደለም፤ ቮልዩሙን ዜሮ ሳደርገው ግን ጭጭ ይላል። የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮቹ አቅጣጫ ልክ ነው፤ የመውጫው 220 ማይክሮፋራድ ፖዘቲቩ የኤልኤም386 5ኛው እግር ላይ ነው። የቀረኝ በትራንዚስተሩ ኮሌክተር (መውጫ እግሩ) እና በቮልዩም መሃል ያለው 0.22 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር ነው። ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ባይኖረውም የውጭ ፎይሉ እንደ ሺልድ (ከውጭ የሚመጣ ሀም መከለያ) ስለሚያገለግል ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ሲግናል ያለው ተቃውሞ) ዝቅ ወዳለው ወደ ኮሌክተሩ መዞር አለበት። ምልክት ግን የለውም። በጣት ጨብጬ በኦሲሎስኮፕ ሳየው ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ያሳያል፤ ፎይሉ የተጠቀለለ ሳይሆን የተደራረበ ዓይነት ሆኖ ይሆን? የመግቢያው ኬብል ሺልድ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ከግራውንድ ተበይዷል፣ ጃኩም ቆርቆሮ ሳጥኑን ይነካል። አንዱን ጫፍ ልፍታ ወይስ ጃኩን በፕላስቲክ ዋሸር ላግልለው?